በነሐሴ ሐሩር የተፈለጉት ጋሽ መኩሪያ

የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ከደጄ ቆሞ «ቲቸር፣ የማን አባት ብዬ ልናገር?» ብሎ ጠየቀኝ። ልማዱ ነው እንግዲህ። ሰው ሲያርፍ የእገሌ አባት፣ የእገሊት ባል፣ የእገሌ ወንድም እየተባለ ይነገርና የሰማው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ጋሽ መኩሪያ ግን የማንም አባት አልነበሩም። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ቀድመዋቸው ሄደዋል፣ ልጅ አልሰጣቸውም፣ ዘመድ አለ ከተባለም ጅማ ነው፤ ባሕር ዳር የመጡት በወጣትነታቸው በምደባ ነው። «የጂኦግራፊ መምህሩ በል» አልሁት። «እሱማ ሥራቸው ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። «እንግዲያው መኩሪያ ብቻ በላ! ስም አይደለም እንዴ?» ብዬ ጮኽሁበት። ምን ያድርግ እሱም፣ ደንገጥ ብሎ ጥሩምባውን አንሥቶ ሄደ።

ሐዘን የተቀመጥሁት እኔ ነኝ። ሊያስተዛዝን የሚመጣው ሁሉ ጠጋ ብሎ «ምንሽ ናቸው?» ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ? አብረን ጫካ ለጫካ እንሮጥ ነበር ብል ማን ያምነኛል? «ጎረቤቴ ናቸው» እያልሁ አለፍሁት። አሁን ግን ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ስለተመለሰ፣ ምኔ እንደነበሩ ላውራ።

እኔ ስፖርት አስተምራለሁ። ጋሽ መኩሪያ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ካኪ ሱሪ የሚለብሱ፣ ኮምፓሳቸውን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያሰሩ ሰው ነበሩ። ካርታ እጃቸው ሲገባ ማንበብ ከመጀመራቸው በፊት ሰሜኑ ከሰሜን እስኪገጥም ያዞሩታል። ካርታ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ጋዜጣም፣ የሠርግ መጥሪያም፣ የምግብ ቤት ሜኑም ያዞራሉ። አንድ ጊዜ ሐይቁ ዳር ምሳ ልንበላ ገብተን፣ ሜኑውን ይዘው ከነወንበራቸው ሲዞሩ አስተናጋጇ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ኩሽና ሮጠች። እሳቸው እቴ! «አሁን ልክ ሆነ» ብለው ዓሣ ጉላሽ አዘዙ።

ተቆጥተው አያውቁም። ተማሪ ሲሳሳት «አልተሳሳትክም፣ ሌላ ቦታ ቆመህ ነው የምታየው፤ ና ወደዚህ» ይላሉ። እኔ ደግሞ ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም። ተማሪ ሳንጓጥጥ ውዬ ክፍላቸው በር ላይ ስደርስ ድምፃቸውን እሰማና አፍራለሁ። ደግሞ በማግሥቱ ያው ነኝ።

እትዬ ዘነበች ካረፉ በኋላ ግን ያ ቤት ዝም አለ። በአጥራቸው በኩል ሳልፍ ሬዲዮ ይሰማኛል፣ ሰው አይሰማኝም። የከተማው ግማሽ ተማሪያቸው ነው፤ «ደኅና ዋሉ ቲቸር» ብሎ ያልፋል እንጂ ገባ ብሎ የሚቀመጥ የለም። እኔም ብሆን ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው። አንድ ቀን የመምህራን ክበብ ቁጭ ብለን ሳለ፣ የቀዘቀዘ ሻያቸውን እያማሰሉ «ሙሉ፣ እኔ አንድ ሳምንት ከቤት ባልወጣ ማን ያውቃል?» አሉኝ። «ኧረ አያሟርቱ!» ብዬ ወሬውን ቀየርሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ በኋላ ነው ኦሪየንቲሪንግ የሚባለውን ነገር ይዘውብኝ የመጡት። ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር ደቅነው የፈረንጅ ሽማግሌዎች ጫካ ውስጥ ሲራወጡ አሳዩኝ። ለተወዳዳሪው ካርታ ይሰጠዋል፤ ካርታው ላይ የተመለከቱትን፣ ጫካ ውስጥ የተሰቀሉትን ምልክቶች በተራ በተራ እያገኘ ይሄዳል፤ ሁሉንም አግኝቶ ቀድሞ የተመለሰ ያሸንፋል። ብቻውን ነው የሚሮጠው። መንገድ መጠየቅ ክልክል ነው።

«መንገድ መጠየቅ ክልክል? ይኼማ የእኛ አገር ጨዋታ አይደለም። እኛ መንገድ ካልጠየቅን በምን እንተዋወቃለን?» አልኋቸው።

«ቆይ ስሚኝ» አሉ። «ሌላ ሩጫ ላይ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ይረሳል። ፎቶ አንሺው ሳይቀር ዕቃውን ሸክፎ ይሄዳል። እዚህ ግን ስምሽ ተመዝግቦ ጫካ ከገባሽ፣ ካልተመለስሽ ይፈልጉሻል። ሳትገኚ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሕጉ ነው።»

ይኼን ሲሉ ድምፃቸው ተለወጠ። ያኔ ገባኝ። የወደዱት ሩጫውን አይደለም። ሞኝ አይደለሁ፣ የስፖርት ጫማዬን አጠበቅሁ።

ብርቱካናማና ነጭ ጨርቅ ገዝተው ምልክቶቹን ራሳቸው ሰፉ። ካርታውንም ራሳቸው ሣሉ፤ ከሐይቁ ዳር ያለውን ዋርካ፣ የደንገሉን ዳርቻ፣ ጥርብ ድንጋዩን ሳይቀር። መጀመሪያ ላይ ብዙ መምህራን ነበርን። አንዱ ጉልበቴን አለ፣ አንዷ ልጆቼ አለች፣ አንዱ ደግሞ ጉማሬ ውኃ ውስጥ ሲያጓራ ሰምቶ በዚያው ቀረ። እኔና ጋሽ መኩሪያ ብቻ ቀረን።

ጊዜው ደኅና በነበረበት ወቅት አንድ ቅዳሜ ቆጋ ሄድን። ከመራዊ ወረድ ብሎ የመስኖው ቦይ ለቦይ፣ በስንዴውና በድንቹ መካከል፣ ገበሬውን አስፈቅደው ማለዳ ምልክቶቹን ሰቅለው ነበር። እኔ ካርታዬን ይዤ ሩጫ ጀመርሁ። የመጀመሪያውን ምልክት ስፈልግ ወዲያ ወዲህ ስል ድንች የሚያጠጡ ገበሬዎች አዩኝ። «ምነው እቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አሉኝ። እኔም ሳላስብ «ብርቱካን መሳይ ጨርቅ ነው የምፈልግ፤ የእኒያ ሽማግሌ ነው» ብዬ አለፍሁ። ይኼን ማለት አልነበረብኝም! የሽማግሌ ዕቃ ጠፋ ተብሎ ማን ይቀመጣል? አካፋቸውን ጥለው፣ የውኃ ተራቸውን ለሌላ ለቀው፣ በየቦዩ ተበተኑ። ጋሽ መኩሪያ መጨረሻው ላይ ሰዓታቸውን ይዘው ሲጠብቁኝ፣ ከእኔ በፊት የደረሱት ገበሬዎች ናቸው፤ ምልክቶቹን በሙሉ ነቅለው፣ አጥፈው፣ ደራርበው።

«ይኸው አባቴ፣ የጠፋብዎ ሁሉ ተገኝቷል፤ አንድም አልቀረ» አሉ አንደኛው፣ ላባቸውን እየጠረጉ።

እኔ ሳቄ አፍኖኝ ቦዩ ዳር ተቀመጥሁ። ጋሽ መኩሪያ አልሳቁም። ከሁሉም ጋር አንድ በአንድ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። በአውቶቡስ ስንመለስ «የውኃ ተራቸውን ትተው እኮ ነው ሙሉ፣ የውኃ ተራቸውን!» ይላሉ። ባሕር ዳር እስክንደርስ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። ካርታና ኮምፓስ ይዞ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚገባ ሰው በዚህ ዘመን ማን ያምነዋል? ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ብቻ ቀረን። በመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ፣ በጭቃው፣ በዝናቡ እንዞራለን። እኔ ግቢውን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ፤ ምልክቱ የት እንደሚሰቀልም አውቃለሁ። እሳቸው ግን ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፣ «ተመለስሽ?» ይሉኛል። «ወዴት እሄዳለሁ!» እላለሁ።

የአንጋፋዎች ሻምፒዮና ቱርክ ውስጥ እንደሚካሄድ የሰሙት በዚያ ጊዜ ነው። ዕድሜው ከፍ ላለ ሁሉ ክፍት ነው፤ መመዝገብ ብቻ ነው። እንዴት እንደሄድን ላብዛው አልፈልግም፤ ደጅ ጥናቱ ራሱ ሌላ ሩጫ ነበር። ሄድን።

ነሐሴ ነው። ነሐሴ ሲባል ለእኛ ምን ማለት ነው? ጭቃ፣ ጉም፣ ከላይ ዝናብ ከታች ብርድ። እኛም ለነሐሴ ታጥቀን ሄድን። እኔ ሹራብና የዝናብ ልብስ፤ ጋሽ መኩሪያ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ቡትስ ጫማቸውን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቀው። ከአውሮፕላኑ ስንወርድ ደረጃው ላይ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊቴን መታኝ። ምነው ሸዋ! ዘወር ብዬ ሳያቸው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው እያወረዱ «ሙሉ፣ ወር የተሳሳትን መሰለኝ» አሉ።

ወሩንስ አልተሳሳትንም። የተሳሳትነው ጾሙን ነው። ፍልሰታ ገብቷል። አገራችን ፍልሰታን መጾም ለለመደ ሰው ከባድ አይደለም፤ ብርድ ነው፣ ውኃ ጥም የለም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ቀላል ነው። ጋሽ መኩሪያ እዚያም እንደዚያው መስሏቸው ነበር። በማግሥቱ ሆቴሉ ቁርስ ሲደረድር እሳቸው እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። ውኃ እንኳ አልነኩም።

«ጋሼ፣ ይኼ ባሕር ዳር አይደለም። ነገ በዚህ ፀሐይ ሊሮጡ ነው። ለመንገደኛ ይፈቀዳል፣ የንስሐ አባትዎም ነግረውዎታል፣ እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ!»

«ነግረውኛል» አሉ። ከዚያ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያዩ ቀጠሉ። «ይኸውልሽ ሙሉ፣ ሌላ ጊዜ ብቻዬን ነው የምበላው። ጾም ሲገባ ግን ጠዋት ሲርበኝ ከተማው ሁሉ አብሮኝ ይርበዋል። ሰዓቱ እንኳ እዚህና እዚያ አንድ ነው። ባሕር ዳር ዘጠኝ ሲል እዚህም ዘጠኝ ይላል። ይኼን ደግሞ ላፍርሰው?»

ፈራሁ። በሰባዎቹ ውስጥ ያለ ሰው፣ ውኃ ሳይቀምስ፣ በዚያ እሳት! ግን ምን ላድርግ፣ አፋቸውን ይዤ አላጠጣቸው።

የውድድሩ ቀን እኔ ማልጄ ተነሣሁ፤ የእኔ ዕድሜ ቀድሞ ነው የሚለቀቀው። ቦታው ድንጋያማ ተራራ ነው፣ ጥድ ብቻ የበቀለበት፤ መሬቱ የደረቀ ቅጠል ነው፣ ሲረግጡት ያንሸራትታል። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። አንዱን ምልክት ሦስት ጊዜ አልፌው ሄጄ ተመለስሁ። ውኃ ባገኘሁበት ሁሉ ጠጣሁ፣ ራሴ ላይም ደፋሁ፤ እንዲያም ሆኖ ጨርሼ ስወጣ አስመለሰኝ። ስንተኛ እንደወጣሁ አትጠይቁኝ።

ወደ መነሻው ተመልሼ ጋሽ መኩሪያን ሸኘኋቸው። ሰዓቱ ደርሶ ካርታው ሲሰጣቸው፣ ያው ልማዳቸው፣ ቆም አሉና ሰሜኑን አስተካከሉ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዘለው ገብተዋል። እሳቸው ዞር ብለው እጃቸውን አነሡልኝና ጥዶቹ መካከል ገቡ። ከንፈራቸው ከወዲሁ ደርቆ ነበር።

ከዚያ መጠበቅ ነው። የዕድሜ እኩዮቻቸው ፊታቸው ቲማቲም መስሎ አንድ በአንድ ወጡ። የእያንዳንዱ ሚስት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ገመዱ ዳር ቆሞ ስሙን እየጠራ ያጨበጭባል፤ ውኃ ያቀብላል፤ ጥላ ሥር ይወስደዋል። ከእሳቸው በኋላ የተነሡት ሁሉ ወጡ። ጋሽ መኩሪያ የሉም። ፀሐዩ አናት ላይ ነው።

ኮምፒውተር ያለበት ጠረጴዛ ዘንድ ሄጄ፣ እዚያ የተቀመጠችውን ቱርካዊት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «አባቴ አልተመለሰም» አልኋት። ምኔ ናቸው ብዬ ላስረዳት? ፈገግ ብላ የውድድሩ ጊዜ ገና እንዳላለቀ፣ ሽማግሌ ቀስ ብሎ እንደሚመጣ፣ ጥላ ሥር አርፌ እንድጠብቅ ነገረችኝ። «አይሆንም! ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልቀመሰም! ለእግዚአብሔር ብሎ ነው!» ብዬ ጮኽሁ፤ ግማሹን በአማርኛ ነው መሰለኝ። ሴትዮዋ እጇን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ውኃ እንደመጠጣት አሳይታ፣ መልሳ በጣቷ እንቢ አለችና አየችኝ። «አዎ!» አልኋት። ረመዳንን የሚያውቅ ሰው ምን ማስረዳት ያስፈልገዋል። ፈገግታዋ ጠፋ። ብድግ ብላ ማይክራፎኑን ያዘች።

ያን ጊዜ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ጨርሰው እግራቸውን ባልዲ ውኃ ውስጥ የነከሩ፣ ሣር ላይ የተጋደሙ፣ ሜዳልያ ያጠለቁ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ከየጥላው ተነሡ። አንዷ ጉልበቷ በፋሻ የታሠረ አሮጊት ጫማዋን መልሳ ስታጠልቅ አየኋት። ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ክንድ ለክንድ ተራርቀው ጫካው ውስጥ ገቡ። እየሄዱም ይጠራሉ። «ሜኩሪያ!» ይላል አንዱ። «ማኩርያ!» ይላል ሌላው ከቁልቁለቱ። ያቺ አሮጊት ደግሞ የመጨረሻውን ፊደል እንደ ዜማ እየሳበች «መኩሪያአአ!» ትላለች። ተራራው በአንድ ሰው ስም ተሞላ። እኔ እንባዬ እየወረደ፣ እሾሁ እየጨረገደኝ፣ አብሬ እጠራለሁ። አይ ማርያም፣ በጾምሽ ቀን፣ እባክሽ! ካላገኘኋቸው ማንን ይዤ እመለሳለሁ? ለማንስ እነግራለሁ?

ትልቅ አለት አለ፣ ሰዎቹ አጠገቡ አልፈው ወደ ላይ ወጥተዋል። እኔ ትንፋሼ አልቆ ተደግፌው ቆምሁና ባለ በሌለ ኃይሌ «ጋሽ መኩሪያ! ወዴት ነዎት?» ብዬ ጮኽሁ።

«አቤት» አሉ። ቀስ ብለው፣ ከአለቱ ወዲያ ማዶ።

ዞሬ ሄድሁ። ጥላው ላይ ተቀምጠዋል፣ አንዱን ጫማቸውን አውልቀዋል፣ ካርታው ጉልበታቸው ላይ ነው። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ከንፈራቸው ተሰንጥቋል፤ ግን ዓይናቸው ንቁ ነው። ራሳቸውን አዙሯቸው ቁጭ ብለው፣ ከዚያ ለመነሣት አቅም አጡ። አጠገባቸው ቁጭ አልሁ።

«ሲጠሩዎት አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«እዚሁ አጠገብዎ ነው እኮ ያለፉት! እያዩዋቸው?»

«አይቻቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አቤት አላሉም?»

አንገታቸውን ደፉ። በሕይወቴ እንዲያ ያፈሩ ሽማግሌ አይቼ አላውቅም። «ትንሽ ይጥሩኝ ብዬ ነው» አሉ።

በስማም! እኔ እዚያ በድንጋጤ ልሞት፣ ባለ ፋሻዋ አሮጊት ገደል ልትገባ፣ እሳቸው ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ! አፌ የመጣልኝን ሁሉ አወረድሁባቸው። ሽማግሌ ናቸው አላልሁ፣ ጾመኛ ናቸው አላልሁ። ሲወጣልኝ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ አለቀስሁ። ከዚያ «ዘነበች ከሞተች ወዲህ ስሜን ከውጭ ሆኖ የጠራኝ ሰው የለም» አሉ። «ቲቸር ነው የሚሉኝ። እሷ ግቢ ውስጥ ሆና መኩሪያ! ስትል ሐይቁ ዳር ይሰማኛል። አውቄ ዝም እላታለሁ። ደግማ ትጠራኛለች።»

የውኃ ላስቲኬን ከፈትሁ። «ዘጠኝ አልፏል?» አሉኝ። «አልፏል» አልሁ፤ ሰዓቴን አላየሁም። አማትበው ጠጡ። ውኃው በአገጫቸው ወርዶ ሸሚዛቸውን አረጠበው። ሰዎቹ ድምፃችንን ሰምተው እየተጠራሩ ከየአቅጣጫው መጡ፤ ከበቡን። ያቺ አሮጊት ግንባራቸውን እያራሰች ስማቸውን አሁንም ትላለች፣ «መኩሪያ፣ መኩሪያ»። ጋሽ መኩሪያ ለሁሉም በየተራ «አቤት፣ አቤት» ይላሉ።

የውጤት ሰሌዳው ላይ ከስማቸው ፊት ለፊት «አልጨረሰም» ተብሎ ተጻፈ። ቅር አላላቸውም። ጋቢያቸውን ለአሮጊቷ ሰጥተው መጡ።

ባሕር ዳር ከተመለስን ወዲህ ልማድ አወጣሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ከቆርቆሮ አጥራቸው ውጭ ቆሜ «ጋሽ መኩሪያ!» ብዬ እጣራለሁ። ዝም ይላሉ። «ጋሽ መኩሪያ! ሰምተውኛል፣ በስንጥቁ ጥላዎ ይታየኛል!» እላለሁ። አሁንም ዝም። ጀሪካን የያዙ ሴቶች ይስቁብኛል። ሰልፉ አለፈኝ፣ ዳይሬክተሩ ይቆጣኛል እያልሁ እጨቀጭቃለሁ። ደጋግሜ ጠርቼ ጠርቼ ጥዬአቸው ልሄድ ስል ከውስጥ «አቤት!» ይላሉ፣ ሳቃቸው ይሰማኛል። ቀኔ የሚጀምረው በዚያ ነበር።

የመጨረሻው ቀንም እንደዚያው መጣሁ። አጥሩ ጋ ቆሜ ጠራኋቸው። ዝም አሉ። ሳቅ አልሁና ደግሜ ጠራሁ። «ዛሬስ አበዙት!» አልሁ። ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ ብላ «እስቲ ጮክ በያ!» ብላ አሾፈችብኝ። ጮክ አልሁ። የገነዟቸው ሰዎች በኋላ፣ ሳይነጋ ነው ያረፉት አሉኝ። እኔ ያን ጊዜ ምን አውቄ፤ ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ፣ አጥሩን ተደግፌ፣ ትንሽ እንድጠራቸው ፈልገው ነው ብዬ ጠራኋቸው፣ ጠራኋቸው፣ ጠራኋቸው።